እየወረደ የሚያልቅ መዝሙር

እንቅልፍ? የምን እንቅልፍ! ወንጌላዊት ቢያዝን ከምሳ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሆቴል አልጋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አጎበሯን ዘርግታ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ግን ፍጥጥ እንዳለ ነው። ጓደኞቿ «ትንሽ ተኚ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው የምንጫወተው» ብለዋት ወደየክፍላቸው ገብተው ይኸኔ ድብን ብለው ተኝተዋል። ለነሱ ምን አለባቸው፤ ለነሱ ኮምቦልቻ አንዲት የሚጫወቱባት ከተማ ናት፣ ከመድረክና ከመልበሻ ክፍል ሌላ ምንም የሌላት። በመስኮቱ የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ይገባል፣ «ደሴ ደሴ ደሴ! አንድ ሰው! ደሴ!» እያለ፤ ያ አንድ ሰው እሷ ብትሆንስ? ተነሥታ ብትሳፈር ያን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥታ ሻይ ሳይፈላ አባቷ ደጃፍ ላይ ናት። አትሳፈርም። ከትናንት ጀምሮ እዚህ ናት፣ አልተሳፈረችም። ላይፕዚግ ሆና በየእሁዱ ስትደውል ያ ሁሉ ባሕርና በረሃ አያስፈራትም ነበር፣ አሁን ግን ከዚህች አንድ ዳገት በታች ተኝታ፣ እግሯ እንቢ ብሏት፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣሪያ ትቆጥራለች፤ ለራሷም «እሳቸው ይምጡ፣ እኔ ከጀርመን መጥቻለሁ፣ እሳቸው ከደሴ መምጣት ያቅታቸዋል?» ትላለች። ትክክል ናት እንዴ? ትክክል ናት! ደግሞ ማን ይከራከራታል፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ናት።

ትናንትም ገና ከበሩ ነው ያናደዷት። የመጡት በአውሮፕላን ነው፣ ሦስት ጀርመኖችና እሷ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል ተብሎ በመኪና መምጣቱን ማንም አልመከራቸውም። ሆቴሉ ሲደርሱ እንግዳ ተቀባይዋ ረሂማ ሻሿን እያስተካከለች ፓስፖርቷን ገለጠች፣ ዘጋች፣ እንደገና ገለጠችና በእንግሊዝኛ የውጭ ዜጋ ዋጋ ነገረቻት። «እህቴ፣ በአማርኛ ንገሪኝ» አለቻት ወንጌላዊት። «ማሻአላህ! አማርኛሽ እንዴት ያምራል! የት ተማርሽው?» «ደሴ፣ ፒያሳ።» «ወላሂ?» ብላ ረሂማ አፏን በእጇ ያዘች። ዋጋውን ግን አልቀነሰችም። «አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው እንዲህ የሚለኝ» አለች። ሲስተሙ! ላይፕዚግም የገባች ሰሞን ይኸው ሲስተም ነበር፤ መስታወት ጀርባ የተቀመጠች ሴትዮ የቤተሰብ ስምሽ ማነው ትላለች፣ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራሴና የአባቴ ስም ነው ያለኝ ትላታለች፣ ሲስተሙ ያለ ቤተሰብ ስም አይቀበልም ትላለች፤ ከዚያ የአባቷን ስም ወስዳ የቤተሰብ ስም አደረገችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሐኪሙም፣ ባንኩም፣ የቤት አከራዩም «ወይዘሮ ቢያዝን ይግቡ፣ ወይዘሮ ቢያዝን ይፈርሙ» ይላታል። ከአባቷ ሸሽታ ሄዳ አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ በአባቷ ስም ሲጠራት ይውላል። ይኸን ሲስተም ያወጣውን ሰው ብታገኘው!

ጥግ ላይ ኮንትራባሱ ቆሟል፣ ያ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ባለ አራት ክር ትልቅ መሣሪያ። የራሷን ማምጣት አልተቻለም፤ ይኸኛውን ከአዲስ አበባ ተውሰው፣ ሰው በአውሮፕላን ሲመጣ እሱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሽንኩርት ጆንያ መሃል አይሱዙ ላይ ተኝቶ መጣ። ሹፌሩ ሲያስረክባት «እህቴ፣ በየኬላው ሬሳ ነው እያሉ አስፈቱኝ እኮ! ዝፈንበት እስኪ አሉኝ፣ እኔ የት አውቄው» አላት፤ ከልቧ ሳቀች። አራት ናቸው፤ ቶርስተን ሳክስፎን ይነፋል፣ አንዷ ቫዮሊን፣ አንዱ ድራም፣ እሷ ባስ። የሚጫወቱት ጃዝ ነው፤ ግን የድሮዎቹ የአውሮፓ ሙዚቀኞች ለትንሽ ክፍልና ለጥቂት ሰው ብለው ከጻፉት ክላሲካል ሥራ አንድ አጥንት ያነሡና የራሳቸውን ሥጋ ያለብሱታል። በዚያ አገር ስም ያወጣላቸው ደግሞ የሷ ድርሰት ነው፣ መጨረሻው ላይ አራቱም መሣሪያ እየዘገየ፣ ድምፁ ከነበረበት እየተንሸራተተ፣ ቁልቁል ወርዶ የሚያልቀው። ጋዜጣ ላይ የሚጽፉት ፈረንጆች ለዚያ መውረድ ያላወጡለት ስም የለም፣ ፍልስፍና አድርገውታል። ከየት እንደመጣ ቢያውቁ! ኧረ ያውቃሉ፣ ራሷ ነግራቸዋለች፣ ጭንቋም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአብዮቱ በፊት፣ አባቷ ጋሽ ቢያዝን ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ሳሉ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ነርስ ቴፕና ካሴት አዋሰቻቸው። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። ካሴቱ ላይ የሚዘምር ሰው የለም፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ ብቻ፤ ጋሽ ቢያዝን ግን አራት ድምፅ ሰሙ፣ አራት ድምፅ ደግሞ ለሳቸው ኳየር ነው፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ። ከመዝሙረ ዳዊት ቃል አነሡ፣ ለየድምፁ አደሉ፣ ቴፑን እያስቆሙ እያስጀመሩ ደሴ ለሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር አስጠኑት። ድንጋዩ ግን እያለቀ ነበር። የድሮ ቴፕ ድንጋይ ሲያልቅበት ምን እንደሚሆን የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል፤ ይንቀረፈፋል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች፣ ከዚያ ቁልቁል ይሰምጣል። ኳየሩ ያንኑ አጠና። የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርሱ አራቱም ድምፅ አብሮ እየዘገየ፣ አብሮ እየወረደ መሬት ይነካል፤ ምእመኑ ቦታውን «ስግደቱ» ብሎ ስም አወጣለት፣ ስግደቱ ጋ ሲደረስ ዓይኑን ያልጨፈነ፣ ጉልበቱ ያልታጠፈ ሰው አልነበረም። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግ በየቤቱ መጋረጃ ጋርደው በሹክሹክታ ዘመሩት። ቀብር ላይ ዘመሩት። ወንጌላዊት ያኔ ልጅ ናት፣ ከቤዞቹ አጠገብ ቆማ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ፣ ያ የወፍራም ወንዶች ድምፅ በእግሯ ሥር ሲሄድ ይሰማታል፣ አሁንም እዚህ አልጋ ላይ ይሰማታል፣ አባቷ ፊት ለፊት ቆመው በሁለት መዳፋቸው አየሩን ቀስ አድርገው ወደ ታች ሲጫኑት ታያለች። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያምሩ ነበር!

ታዲያ እኚሁ ሰውዬ ናቸው ልጃቸውን ያገዱት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባስ ጊታር ትጫወት ነበር፣ ጥሩ አድርጋ። አንድ ቅዳሜ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ለሰርግ የሚጫወቱ ልጆች ባሲስት ጎደለባቸውና ለመኗት፣ ሄደች፣ ተጫወተች፣ ደስ አላት፣ ምን ትዋሽ፣ በጣም ደስ አላት! አንድ የምእመን ዓይን አያት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ዘፈን ያገለገለ ከአገልግሎት ይታገዳል፣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መመለስ ሲፈልግ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እጅ ተጭኖበት ይጸለይለታል። የታገደ ሰው ስም የሚያነቡት ሽማግሌ ማን ነበሩ? ጋሽ ቢያዝን። «እህታችን ወንጌላዊት ቢያዝን» ብለው አነበቡ። ልጄ አላሉም። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ቢንቀጠቀጥ ይሻላት ነበር። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፣ ማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም፣ «እኔ ዘፈን አልዘፈንኩም፣ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ባስ ቃል አለው እንዴ?» አለች። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ። እሳቸው ከመድረኩ ላይ «እህቴ፣ ተቀመጪ» አሏት። እህቴ! አልተቀመጠችም። እስከ ዛሬም አልተቀመጠችም፣ ከዚያ ወጥታ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ላይፕዚግ፣ ይቅርታ የምትጠይቅበት አንዳች ነገር ሳታገኝ።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገባች በጥቂት ወር መምህሩ የአንድ የድሮ ሙዚቀኛ ሥራ ብሎ ሸክላ አስቀመጠ፣ እሷ ማስታወሻዋ ላይ ዝም ብላ ትሥላለች፣ ድንገት ያ መዝሙር! አራቱም ድምፅ! እጇ ቆመ። ቃሉን በውስጧ እየዘመረች ተከተለችው፣ ስግደቱ ጋ ሲቃረብ ጉልበቷ በወንበሩ ሥር ለመታጠፍ ተዘጋጀ፣ ሙዚቃው ግን አልወረደም። ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር፣ በነበረበት ድምፅ አለቀ። መጸዳጃ ቤት ገብታ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ምክንያቱም ወዲያው ነው የገባት፤ ልጅ ሳለች የደከመ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ መስኮት ላይ ለፀሐይ ሲሰጣ ታይ ነበር። ድንጋዩ! ያ ሁሉ ጉልበት የታጠፈው፣ ያ ሁሉ እንባ የፈሰሰው ላለቀ ድንጋይ ነው! ለአባቷ አልነገረችም። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን ነገረች። ድርሰቱን ከመጫወታቸው በፊት ማይክ ይዛ «አባቴ የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ቴፕ ተዋሰ» ብላ ስትጀምር ሰዉ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ይላል፣ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። በየከተማው አሳቀችባቸው። አባቷን እየቆራረሰች ሸጣ በልታለች፣ ይኸን ታውቀዋለች፣ ግን ደግሞ ትነግራቸዋለች። «እሳቸውስ ስሜን በሕዝብ ፊት አላነበቡም?» ትላለች ለራሷ። ጥፋትን በጥፋት መመለስ መሆኑ አልጠፋትም።

ደግሞ ድርሰቱን የጻፈችው በሳቅ አይደለም። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ስልክ ተቆረጠ፣ ትደውላለች፣ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ድምፅ ብቻ፣ ደንበኛው አይገኙም፣ ደንበኛው አይገኙም፣ እሷም ባሱን አቅፋ ያን መውረድ ደጋግማ ትጫወታለች፣ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ ይደብድብ! ስልኩ የተከፈተ ዕለት አባቷ ቀድመዋት «አለን ልጄ፣ ጌታ ይመስገን። አንቺስ፣ ምግብ ትበያለሽ?» አሏት። የተናገሩት ይኸንኑ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የቶሚ ነገር መጣ። ቶሚ ቤተ ክርስቲያኑ በቅርቡ የሾመው የሙዚቃ ኃላፊ ነው፣ ኪቦርዲስት ነው፣ ወጣት ነው፣ እህቷ ሀሴት «ክፉ ልጅ አይደለም፣ ነገር ሲያገኝ ብቻ ማስቀመጥ አይችልም» ትለዋለች። ዋናውን ሙዚቃ ኢንተርኔት ላይ አገኘው። ስፒከር ይዞ የሽማግሌዎች ስብሰባ ገብቶ አሰማቸው። «ወገኖች፣ ይህ መዝሙር አይደለም፣ የዓለም ሙዚቃ ነው፣ ያውም የተበላሸ» አላቸው። መዝሙሩ ታገደ። ጋሽ ቢያዝንም ምእመኑን ይህን ያህል ዘመን በዓለማዊ ዜማ ስላዘመሩ እሁድ በጉባኤ ፊት ቆመው ይቅርታ እንዲጠይቁ ተወሰነ። ሀሴት ይህን እያለቀሰች ስትነግራት ወንጌላዊት መጀመሪያ ምን አለች? «እሰይ!» አለች። ከአፏ አመለጣት፣ ግን አለች። ቀጥላ ደሟ ፈላ። ማን ናቸው እነሱ? በሹክሹክታ ሲዘመር የት ነበሩ? ጋሽ ቢያዝንን የሚያሳፍር ሰው ካለ ልጃቸው ናት፣ እሷ በቂ ናት! በማግሥቱ አባቷ ራሳቸው ደወሉ፣ ደውለው አያውቁም። «ወንጌል፣ አንቺ ዋናውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አሏት። ሐሰት ነው በይልኝ ማለታቸው መሰላት። «መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ብቻ ታስቦ የነበረውን ጉዞ ኮምቦልቻ ካልተጨመረ አልመጣም ብላ አስጨመረች። ያ እሁድ ነገ ነው።

እና ምን ልትነግራቸው ነው? ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳት። እውነቱን ብትናገር አባቷ ነገ እንደ ሌባ ቆመው አንገታቸውን ይደፋሉ። ብትዋሽ ደግሞ ቶሚና ስፒከሩ አሉ። ኋላ ወንበር ላይ ታያቸዋለች፣ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፤ ሰው እያያቸው እንዳላየ ሲያልፍ ታያለች። ይቺን ሥዕል ስትመኛት ኖራለች፣ ሐቁ ይኸ ነው፣ አሁን ስትመጣላት ግን አልፈለገቻትም። አይሆንም! እሷ ያልታጠፈችውን እሳቸው ሊታጠፉ አይገባም!

ስልኩን አነሣች፣ ደወለች።

«ሄሎ፣ ወንጌል? ከየት ነሽ?»

«ከኮምቦልቻ፣ አባባ።»

«ደረስሽ እንግዲህ፣ ተመስገን። ድምፅሽ ከሩቅ ነው የሚመጣው።»

«ኔትዎርኩ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እንጫወታለን። ይምጡ።»

ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል። «ነገ ጉባኤ አለብኝ» አሉ።

«ነገ ምን ሊሏቸው ነው?»

«የሚገባኝን እላለሁ።»

«አባባ፣ ይቅርታ እንዳይጠይቁ! ይሰማሉ? አንድም የሚያስጠይቅዎት ነገር የለም!»

«አትጩሂ፣ እሰማለሁ። እኔ የጠየቅሁሽን እኮ አልመለስሽልኝም» አሉና ዘጉት።

የሚገባኝን! የታዘዝኩትን ማለታቸው ነው፣ አለች። አጎበሩን ወዲያ ወርውራ ተነሣች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፣ እንባ ይሁን ውኃ አልለየችውም። በሩ ተንኳኳ፣ ቶርስተን ነው፣ ፀጉሩ በአንድ ወገን ተኝቶበታል። «እያሰብኩ ነበር» አለ፣ «እዚህ ያለው ሰው መዝሙሩን ያውቀዋል ብለሽኛል፤ መጨረሻውን ስናንሸራትተው ድምፅ የሳትን እንዳይመስላቸው ቀጥ አድርገን ብንጨርሰውስ?» «አይሆንም» አለችው። «እሺ፣ የባትሪውን ታሪክ ግን ትነግሪያቸዋለሽ አይደል? እዚህ አገር ደግሞ ይበልጥ ይሥቃሉ።» አየችው፣ መልካም ሰው ነው፣ ምንም አያውቅም። «ምን እንደምል እዚያው አውቃለሁ» ብላው ባሷን አቅፋ ደረጃውን ወረደች፤ ረሂማ ከጠረጴዛዋ ኋላ «እኔም ከእህቴ ጋር እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ!» አለቻት።

የከተማው አዳራሽ ሞልቷል። ከተማው ላይ ሰዓት እላፊ ስላለ ትርዒቱ በቀን ነው፣ በተሰበረው መስኮት ፀሐይ ይገባል፣ ተማሪዎች አሉ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች አሉ፣ ከደሴ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችም አሉ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ እሷን ሲያዩ መሬት መሬት የሚያዩ። እነሱን ስታይ እልኳ ተነሣ፣ ባሱ በዚህ ሙቀት ክሩ እየላላ ያስቸግራታል፣ እሷ ግን እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም፤ አንድ አዛውንት ከፊት ወንበር ላይ «ይበል! ይበል!» ይሏታል። የመጨረሻው ሥራ ደረሰ። ቀና ስትል ሀሴትን አየቻት፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው ረድፍ። አጠገቧ ግራጫ ኮት። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቀጥነዋል። ምነው እንዲህ ቀጠኑ! መጥተዋል፣ ዘፈን ቤት መጥተዋል!

ማይኩን ያዘች። ቶርስተን ታሪኩን እየጠበቀ ፈገግ አለ። ስንት ጊዜ የተናገረችው ነገር ነው፣ አባቴ አንድ ቀን ቴፕ ተዋሰ፤ ምላሷ ላይ ነው። አልተናገረችውም።

«የመጨረሻው ሥራችን ከአንድ መዝሙር የተነሣ ነው» አለች። «መዝሙሩን የደረሱት አባቴ አቶ ቢያዝን ናቸው። ከማንም አልወሰዱትም። ሌላ የሚል ካለ እኔ ተምሬዋለሁና እኔን ይጠይቀኝ!»

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ደስም አላት።

«ውሸት ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጋሽ ቢያዝን ቆመዋል። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። «ልጄ ናት፣ ግን ውሸቷን ነው። ዜማው የፈረንጅ ነው፣ ከካሴት ነው የሰማሁት። መዝሙር እንዳልሆነም አውቅ ነበር፣ ሽፋኑ ላይ አራት ሰዎች ቫዮሊናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ዕውር አልነበርኩም። መጨረሻው ላይ የሚወርደው ደግሞ የቴፑ ድንጋይ አልቆ ነው።»

ሰዉ ሣቀ፣ አዛውንቱ ሣቁ፣ ረሂማና እህቷ ተደጋግፈው ሣቁ። ያን ሳቅ ወንጌላዊት ታውቀዋለች። እሳቸው ግን ክፍል ውስጥ እንደቆመ አስተማሪ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«ነርሷ በሳምንቱ አዲስ ድንጋይ ሰጠችኝ» አሉ። «እንደገና ሰማሁት። ቀጥ ብሎ ያልቃል። አልወደድኩትም። የሚወርደው ይሻላል ብዬ እያወቅሁ ተውኩት።»

«ለምን አልነገሩንም?» አለች፣ ማይኩ ላይ መሆኗን ረስታ።

«ማን ጠየቀኝ? ይኸን ሁሉ ዘመን፣ ቢያዝን ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንቺም አውቀሽ አልጠየቅሽኝም።»

አውቀውት ነበር! ሳቋም፣ እንባዋም፣ በየአገሩ ስትሸጠው የኖረችው ታሪክም ከንቱ ነው፣ ድንጋዩ አይደለም ያንን መዝሙር የሠራው። ከዚያ ሌላው ነገር ተከትሎ መጣ። «የዓለም ሙዚቃ መሆኑን እያወቁ ነው» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ ግን ሳትቀንሰው፣ «እኔን ዘፈን ብለው ያገዱኝ?»

ሀሴት የአባቷን ክንድ ያዘች፣ እሳቸው ቀስ አድርገው አስለቀቋት።

«አዎ» አሉ። «ነገ ቁም ብለውኛል፣ እቆማለሁ። ስለ መዝሙሩ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ፈልጌ ፈልጌ የምጠይቅበት አጣሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስምሽን ስላነበብኩ ነው። እዚያው መድረክ ላይ ቆሜ፣ ልጄ ብዬ።»

ቶርስተን አማርኛው አልገባውም፣ ዓይኑን ከሷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ ሷ ያመላልሳል። ኮፍያ ከደፉት ልጆች አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ይኸን ቃል ስንት ዓመት ስትጠብቀው፣ ሲመጣ ምን እንደምትመልስ ስትለማመድ ኖራለች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ነገ እመጣለሁ» ብቻ አለች።

«ነይ። አሁን ተጫወቺ፣ ሰው ይጠብቃል» አሉ። እንደገና ሊቀመጡ ሲሉ ቀና አሉና «ብቻ አታፍጥኚው። ያ ስልክ ላይ የምሰማው ያንቺው ይፈጥናል» አሏት።

የምሰማው! ሀሴት ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። ይሰሙታል እንግዲህ፣ ደሴ ተቀምጠው፣ ምናልባት በጆሮ ማዳመጫ፣ የልጃቸውን ጃዝ፣ ያውም ፍጥነቱን እየተቹ!

«አባባ፣ እኔ በራሴ ልክ ነው የምጫወተው» አለች።

«እንዳሻሽ!» አሉ፣ ቅንድባቸውን ሰብስበው፣ ሳይቀመጡ።

ወንጌላዊት ወደ ድራመሩ ዞረች፣ በጭንቅላቷ ቆጠረችለት፣ አባቷ ከሚወዱት ትንሽ ፈጠን አድርጋ።